ኩኪ የሚባለው ነገር፣ የቱን እንተወው የቱንስ እንዝጋው

ላፕቶፔ ተበላሽቶብኝ የጓደኛዬን ለአንድ ቀን ተውሼ ኢሜይሌን ከፍቼ ሁለት ፋይል ላኩበት፣ ስጨርስ ታቡን ዘግቼ መለስኩላት፣ ፓስወርዱን ሴቭ ላርገው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አይ እንዳልኩት ራሱ በደንብ ትዝ ይለኛል። ከሶስት ሳምንት በኋላ ደወለችና "ኢሜይልሽ እኮ እኔ ጋር ክፍት ነው፣ አሁን ደግሞ አዲስ መልእክት ገባልሽ" አለችኝ። በጣም ነው የደነገጥኩት። ፓስወርድ አላስቀመጥኩ፣ ታቡን ዘግቻለሁ፣ ታዲያ ማን ከፈተው? እንዴት እንደዘጋሁት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፣ ለጥያቄው መልሱ ግን ኩኪ ነው። ያ ሁላችንም ዌብሳይት በከፈትን ቁጥር ከታች ብቅ እያለ "ተስማሙ" የሚለን፣ እኛም የመጣንበትን ለማንበብ ስለቸኮልን ሳናየው ነክተን የምናልፈው ነገር።

ኩኪን ለመረዳት መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ዌብሳይቶች በተፈጥሯቸው እናንተን እንደማያስታውሱ ነው። አንድ ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘራችሁ (ክሮም፣ ሳፋሪ ምናምን የምትሉት ዌብሳይት መክፈቻ) ለሰርቨሩ፣ ማለት ዌብሳይቱ ለተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ ገጹን ይልካል፣ አለቀ። ቀጥላችሁ ሌላ ሊንክ ስትነኩ ለሰርቨሩ እናንተ አዲስ ሰው ናችሁ፣ የቅድሙ ሰው መሆናችሁን የሚያውቅበት አስተማማኝ መንገድ የለውም። እንደዛ ከሆነ ደግሞ ሎግ ኢን ማድረግ የሚባል ነገር አይሰራም፣ ገጽ በቀየራችሁ ቁጥር ፓስወርድ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው፣ ኦንላይን ሱቅ ውስጥ የመረጣችሁት እቃም ወዲያው ይጠፋል። ይሄን ችግር እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈታው ኔትስኬፕ የሚባለው ብራውዘር ላይ ይሰራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው፣ ያኔ ፕሮግራመሮች በሁለት ፕሮግራሞች መሀል የሚመላለስን ትንሽ የመለያ ዳታ "ማጂክ ኩኪ" ይሉት ስለነበር ከዛ ወስዶ።

አሰራሩ ቀላል ነው። የሆነ ቦታ ቦርሳችሁን ስታስቀምጡ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጣችኋል አይደል፣ ካርዱ ላይ ስማችሁም የቦርሳችሁ ይዘትም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስትመለሱ ግን ካርዱን አይተው ቦርሳችሁን ያመጡላችኋል። ኩኪም እንደዛ ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሲልክላችሁ አብሮ አንድ ትንሽ ጽሁፍ ያያይዛል፣ ብራውዘራችሁ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ በኋላ ለዛው ዌብሳይት ጥያቄ በላከ ቁጥር ያቺን ጽሁፍ መልሶ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን ብታዩት ለሰው ምንም ትርጉም የማይሰጥ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ እናንተን የሚመለከተው መረጃ ያለው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። አንዱ ኩኪ ቢበዛ 4 ኪሎባይት ገደማ ነው። ፕሮግራም አይደለም፣ በራሱ ተነስቶ የሚሰራው ነገር የለም፣ ስለዚህ ኩኪ ቫይረስ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙት። በተቃራኒው "ኩኪ ምንም ጉዳት የለውም" የሚለውንም አትስሙት፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ዕድሜያቸው ይለያያል። አንዳንዱ ብራውዘሩ ሲዘጋ አብሮ እንዲጠፋ ነው የተሰራው፣ አንዳንዱ ደግሞ የማለቂያ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል፣ የኔ ኢሜይል ሶስት ሳምንት ክፍት ሆኖ የቆየው በዚህኛው ነው፣ ታብ መዝጋት አይነካውም። ክሮም ከ2022 ጀምሮ አንድ ኩኪ ከ400 ቀን በላይ እንዳይቆይ ገደብ አድርጓል ግን ዌብሳይቱን በጎበኛችሁ ቁጥር ቀኑን ማደስ ስለሚቻል በተግባር የምታዘወትሩት ቦታ ላይ አያልቅም ማለት ይቻላል። ደግሞ ሲዘጋ ይጠፋል የተባለው ራሱ ብራውዘራችሁ "ካቆምኩበት ልቀጥል" በሚለው ሴቲንግ ላይ ከሆነ ታቦቹን ሲመልስ አብሮ ሊመለስ ይችላል። ስልክ ላይ ደግሞ ብራውዘርን ሙሉ ለሙሉ የሚዘጋ ሰው ስንት ነው?

ዋናው ልዩነት ግን ዕድሜው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። የከፈታችሁት ዌብሳይት ራሱ ያስቀመጠው ኩኪ አለ፣ እዛ ገጽ ላይ በእንግድነት ያለ ሌላ ድርጅት ያስቀመጠው ደግሞ አለ፣ ሁለተኛው ነው "ሰርድ ፓርቲ ኩኪ" የሚባለው። እኔ ሶስተኛ ወገን እለዋለሁ።

ይሄ እንዴት እንደሚሰራ ልዘርዝረው ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋር ነው። ጫማ ልትገዙ ፈልጋችሁ አንድ ኦንላይን ሱቅ ገባችሁ እንበል። ገጹ ላይ የምታዩት በሙሉ ከሱቁ ሰርቨር የመጣ ይመስላችኋል ግን አይደለም፣ ከውስጡ የሆነው ክፍል ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የመጣ ነው፣ አንዳንዴ የሚታይ ማስታወቂያ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በአይን የማትታይ የአንድ ነጥብ ያህል ምስል ናት። ብራውዘራችሁ ያቺን ምስል ለማምጣት ለማስታወቂያ ድርጅቱ ጥያቄ ሲልክ ድርጅቱ ኩኪ ያስቀምጥባችኋል፣ ቁጥራችሁ ለምሳሌ ሀ77 ነው እንበል፣ ሀ77 የሆነ ሰው ይሄን ጫማ አየ ብሎ ይመዘግባል። ከሰአት ደግሞ ዜና ልታነቡ ሌላ ዌብሳይት ከፈታችሁ፣ ያው የማስታወቂያ ድርጅት እዛም ምስል አለው፣ ብራውዘራችሁ ደግሞ ታማኝ ስለሆነ "እኔ ሀ77 ነኝ" ብሎ ኩኪውን ያሳያል፣ ከዛ ጫማው ዜናው መሀል ብቅ ይላል። በማግስቱ ስለ ሆነ በሽታ አነበባችሁ፣ ስራ ፈለጋችሁ፣ ስለ ፍቺ አነበባችሁ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያ ድርጅት ካለ በሙሉ ከሀ77 ስር ይሰበሰባል። ስማችሁን ላያውቅ ይችላል ግን ለቅርብ ሰው እንኳን ያልነገራችሁትን ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ የጫማው ማስታወቂያ አይደለም፣ የበሽታውና የፍቺው ነገር ነው። ብዙ ሰው "ስልኬ እያዳመጠኝ ነው" ይላል፣ እንደዚህ ለማወቅ ግን ማይክ አያስፈልግም፣ ያነበባችሁትን ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ሃሳቤ ባጭሩ የዌብሳይቱን የራሱን ኩኪ ተዉት፣ እሱ ለእናንተ ነው የሚሰራው፣ የሶስተኛ ወገኑን ዝጉት። ሁሉንም ኩኪ ዝጉ የሚል ምክር አልሰጥም፣ ሞክሬዋለሁ፣ የትም ሎግ ኢን ማድረግ አይቻልም።

ከብቅ ባዩ ሳጥን እንጀምር። ይሄ ሳጥን የመጣው ከአውሮፓ ህብረት ህግ ነው፣ በ2002 የወጣና በ2009 የተሻሻለ መመሪያ አለ፣ አገልግሎቱ ለመስራት የግድ ከሚያስፈልገው ውጪ ያለ ኩኪ ከመቀመጡ በፊት ሰውየው ይፍቀድ የሚል፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ስራ ላይ የዋለው ጂዲፒአር የሚባለው የዳታ ጥበቃ ህግ መፍቀድ ማለት ምን እንደሆነ አጠበቀው። በ2019 የህብረቱ ፍርድ ቤት ቀድሞ ራይት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ብሎ ወሰነ። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ባለስልጣን ደግሞ በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ እንደቀጣ አሳወቀ፣ ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ፣ መቀበል በአንድ ክሊክ ሆኖ እምቢ ማለት ግን ብዙ ክሊክ መጠየቁ ነው። እዚህ ቅጣት ላይ የሚገርመኝ የቁልፍ አቀማመጥ ብቻውን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ማሳየቱ ነው፣ አቀማመጡ የሚሰራ ባይሆን ማንም አይደክምበትም ነበር።

እና ሳጥኑ ሲመጣ በደማቅ ቀለም ያለችውን ቁልፍ ለአንድ ሰከንድ እለፏትና "ሪጀክት ኦል" የሚል ፈልጉ፣ ካለ እሱን ንኩት፣ ዌብሳይቱ ምንም አይሆንም፣ ይሰራል። ከሌለ "ማኔጅ" ወይም "ከስተማይዝ" ወይም "ሴቲንግስ" የሚል በቀጭን ፊደል የተጻፈ ነገር ይኖራል፣ እሱ ውስጥ ስትገቡ ዝርዝር ታያላችሁ፣ "ኔሰሰሪ" የሚለው አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም፣ ሎግ ኢን እና የመሳሰሉት እዛ ውስጥ ናቸው። "አናሊቲክስ" ስንት ሰው የትኛውን ገጽ እንዳየ የሚቆጥሩበት ነው፣ "ማርኬቲንግ" ወይም "አድቨርታይዚንግ" የሚለው ያ ሀ77 ያልኳችሁ ነው። እዚህ ጋር ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ከጎን "ሌጂቲሜት ኢንተረስት" (ፈቃዳችሁን ሳንጠይቅም ዳታችሁን የምንጠቀምበት በቂ ምክንያት አለን የሚሉበት) የሚል ሌላ ታብ ካለ ግቡበት፣ ብዙ ጊዜ ማብሪያዎቹ በርተው ነው የሚጠብቁት፣ የፈቃድ ጥያቄውን አጥፍታችሁ ይሄን ካለፋችሁት ግማሹ በር ክፍት ነው። ሁለተኛ ሁሉንም አጥፍታችሁ ስትጨርሱ ትልቁ ቁልፍ "አክሰፕት ኦል" ሊሆን ይችላል፣ የሰራችሁትን በሙሉ ይሰርዘዋል፣ እናንተ የምትፈልጉት "ሴቭ" ወይም "ኮንፈርም ማይ ቾይስስ" የሚለውን ነው። እኔ ስንት ጊዜ በችኮላ ትልቁን ነክቼ ተናድጃለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እምቢ ማለታችሁ ራሱ የሚመዘገበው በኩኪ ነው። ለዚህ ነው ኩኪ በጠረጋችሁ ማግስት ሁሉም ዌብሳይት እንደ አዲስ የሚጠይቃችሁ።

ሳጥኑ ላይ ብቻ መተማመን ግን አድካሚ ነው፣ ዌብሳይቱ ቃሉን መጠበቁንም በአይናችሁ አታዩትም። ቁርጥ ያለው መፍትሄ ብራውዘሩ ላይ መዝጋት ነው፣ አንዴ ይደረጋል ይረሳል።

ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄን እናንተ ራሳችሁ ማድረግ አለባችሁ። ጉግል በጥር 2020 በሁለት አመት ውስጥ የሶስተኛ ወገን ኩኪን አስወግዳለሁ ብሎ ነበር፣ ከዛ አራዘመ፣ ደግሞ አራዘመ፣ በሐምሌ 2024 እቅዱን ቀየረ፣ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ምርጫው ሴቲንግ ውስጥ እንዳለ ይቆያል አለ። ስለዚህ ማንም መጥቶ አይዘጋላችሁም። ስልክ ላይ ሶስቱን ነጥቦች ንኩ፣ ሴቲንግስ፣ ከዛ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ እዛ ውስጥ ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ የሚል አለ፣ ግቡና ብሎክ የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ ቨርዥን ላይ ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር ላይም መንገዱ ያው ነው። ኢንኮግኒቶ (ስትዘጉት ሂስትሪና ኩኪ የማያስቀረው የግል መስኮት) ላይ ብቻ ብሎክ አድርግ በሚለው ላይ እንዳትተዉት፣ ሳትነኩት የምታገኙት እሱን ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት በየቀኑ በምትጠቀሙበት መስኮት ሁሉም ክፍት ነው ማለት ነው።

ፋየርፎክስ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ዌብሳይት የተለየ ማስቀመጫ ነው የሚሰጠው፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ጫማው ሱቅ ላይ ያስቀመጠውን ኩኪ ዜናው ገጽ ላይ ሆኖ ማንበብ አይችልም፣ ቁጥራችሁ አንዱ ጋር "ሀ77"፣ ሌላው ጋር "ለ12" ይሆናል። ምንም ሳትነኩ ነው የሚሰራው። ጠንከር እንዲል ከፈለጋችሁ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ስታንዳርድ የሚለውን ወደ ስትሪክት ቀይሩት። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሶስተኛ ወገን ኩኪን በሙሉ ይዘጋል፣ አይፎን ላይ ሳፋሪ ሴቲንግ ውስጥ ፕሪቬንት ክሮስ ሳይት ትራኪንግ የሚለው መብራቱን ብቻ አረጋግጡ። እዛው ብሎክ ኦል ኩኪስ የሚል ካያችሁ ግን አትንኩት፣ እሱ የራሱ የዌብሳይቱንም ይዘጋዋል፣ ቅድም እንዳልኩት ሎግ ኢን ይበላሻል።

ከዘጋችሁ በኋላ አልፎ አልፎ የሆነ ነገር እምቢ ሊል ይችላል፣ በተለይ ገጹ ውስጥ የተካተተ የክፍያ ፎርም ወይም በሌላ አካውንት መግባት ወይም ቪዲዮ። ያኔ ሁሉንም መልሳችሁ አትክፈቱ፣ ክሮም ላይ ያው ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ ገጽ ውስጥ የሚፈቀድላቸውን ዌብሳይቶች ለብቻ መጨመሪያ አለ፣ ያንን አንዱን ብቻ ጨምሩት። እኔ ጋር እዛ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው።

አሁን ስለ መጥረግ። ብዙ ሰው ስልኩ ሲዘገይ ወይም ቦታ ሲያልቅበት ኩኪ ጥረግ ይባላል፣ እሱ የተሳሳተ ምክር ነው፣ ኩኪ ስንት እንደሚመዝን ነግሬያችኋለሁ፣ ቦታ የሚይዘው ካሽ ነው፣ ማለት ብራውዘሩ ደጋግሞ እንዳያወርዳቸው ያስቀመጣቸው ምስሎችና ፋይሎች። ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ ስትሉ ሂስትሪ፣ ኩኪ እና ካሽ ለየብቻ ሳጥን ናቸው፣ የምትፈልጉትን ብቻ ራይት አድርጉ። ካሽ ከጠረጋችሁ ገጾቹ እንደገና ስለሚወርዱ ዳታ ይበላል፣ ኩኪ ከጠረጋችሁ ደግሞ ከየአካውንታችሁ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ኩኪ ከመጥረጋችሁ በፊት ፓስወርዳችሁን ታውቁታላችሁ ወይ፣ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር እጃችሁ ላይ አለ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አካውንታቸው ለአመታት ክፍት ስለነበረ ፓስወርዱን ጭራሽ የረሱ፣ ቁጥሩንም ከቀየሩ የቆዩ ሰዎች አሉ፣ ያቺ ኩኪ ናት ብቸኛ መግቢያቸው፣ ከጠረጓት በኋላ አካውንቱን ማስመለስ ከባድ ነው። የተቀመጡ ፓስወርዶች ለብቻቸው ሌላ ሳጥን አላቸው፣ ኩኪ በመጥረግ አይጠፉም፣ ግን ሳታዩ እሱንም ራይት እንዳታደርጉት።

የሆነ አንድ ዌብሳይት ብቻ አልከፍት ካለ ወይም ሎግ ኢን እያደረጋችሁ ደጋግሞ ከመለሳችሁ የዛን ዌብሳይት ብቻ መጥረግ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተበላሸ ወይም ያለፈበት ኩኪ ነው። ክሮም ላይ ገጹን ከፍታችሁ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ንኩ፣ ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዳታ የሚል ታገኛላችሁ፣ ከዛ ውስጥ አጥፉት። ሌላው ቦታ ምንም አይነካም።

ደግሞ አንዳንድ አፕ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ ገጹ የሚከፈተው እዛው አፕ ውስጥ ነው፣ ክሮም ውስጥ አይደለም። የዛ አፕ ኩኪ የተለየ ነው። "ሎግ ኢን አድርጌ ነበር ለምን እንደገና ይጠይቀኛል" የምትሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ክሮም ላይ የዘጋችሁትም እዛ አይሰራም። ሶስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ኦፕን ኢን ብራውዘር በሉት።

ጉዳት የለውም የሚለውን አትስሙ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው። ሎግ ኢን ካደረጋችሁ በኋላ ዌብሳይቱ የሚያምነው ኩኪውን ነው፣ ፓስወርዱን አይደለም። ያንን ኩኪ ኮፒ ያደረገ ሰው ፓስወርድም ሳይጠየቅ፣ ስልካችሁ ላይ የሚላከውም ኮድ ሳያስፈልገው ሊገባ ይችላል፣ ምክንያቱም እናንተ ያንን ሁሉ ቀድማችሁ አልፋችሁለታል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ምናምን ሲጫን አብሮ የሚገባ ይሄን ለመስረቅ ተብሎ የተሰራ ቫይረስ አለ፣ ብራውዘሩ ኩኪ የሚያስቀምጥበትን ፋይል አንስቶ ይልካል። ኤክስቴንሽንም (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ፈቃድ ከሰጣችሁት ኩኪ ማንበብ ይችላል፣ ስለዚህ የማትጠቀሙበትን ኤክስቴንሽን ዛሬውኑ አጥፉት። የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትጠቀሙ ደግሞ ኢንኮግኒቶ ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ሎግ አውት በሉና ሁሉንም የኢንኮግኒቶ መስኮት ዝጉ፣ አንዱ ክፍት ከቀረ ኩኪው አለ። ሎግ አውት ማለት ካርዱን መጣል ብቻ አይደለም፣ በደንብ የተሰራ ዌብሳይት ሰርቨሩ ላይም ቁጥሩን ይሰርዘዋል፣ ካርዱን ሌላ ሰው ቢያገኘው እንኳን አይሰራም።

እውነቱን ለመናገር ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ሙሉ ለሙሉ አትሰወሩም። ሎግ ኢን ያደረጋችሁበት ድርጅት እናንተ መሆናችሁን ያውቃል፣ የአይፒ አድራሻችሁ (ኢንተርኔት ላይ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ቁጥር) ይታያል፣ የስክሪን መጠን፣ ፎንት፣ የብራውዘር ቨርዥን እና የመሳሰሉትን ደምረው ያለ ኩኪ የሚለዩም አሉ። ግን ሶስተኛ ወገኑን መዝጋት ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ስራ ነው፣ ትልቁን መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው እንዳለ ሆኖ።

የኔን ኢሜይል እንዴት ዘጋሁት ላልኩት፣ ጓደኛዬ ስልክ ላይ እያለች በራሴ ስልክ አካውንት ሴቲንግ ገባሁ፣ ሴኪዩሪቲ፣ ከዛ ዩር ዲቫይስስ የሚል አለ፣ ትልልቆቹ አካውንቶች ላይ ሁሉ እንደዚህ አይነት ነገር አለ፣ ስሙ ትንሽ ይለያያል። የሷ ላፕቶፕ እዛ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል፣ ስራ ላይ የነበረበት ሰአት ሳይቀር። ሳይን አውት አልኩት። "እስቲ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊው" አልኳት፣ ትንሽ ቆየችና "ፓስወርድ እየጠየቀኝ ነው" አለች። ዝርዝሩ ውስጥ ከሷ ላፕቶፕ ሌላ ከሸጥኩት አመት ያለፈው ስልክም ነበረ፣ እሱንም አብሬ አስወጣሁት።